ቅቤ የጠጣ ወለል

ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ ሁሉም «እኔን!» ብሎ ይሮጣል። ድንጋጤው ሲያልፍ ግን ጥፋቱ የወደቀችው ሴት ላይ ይላከካል፤ ቸኩላ ነው፣ ቀልቧ የለም ይባላል። እኔ የምጠይቀው ወለሉን ነው።

ጊንጪን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አምቦ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ለወጥ ቤቷ ወለል ትልቅ ጉዳይ ነው። ለጨጨብሳ የቀለጠ ቅቤ ወደ ሳህን ሲገለበጥ ጠብ ጠብ ይላል። ሲወርድ ፈሳሽ ነበር፤ ቀዝቃዛውን ሴራሚክ ሲነካ ይረጋና ስስ ሽፋን ይሆናል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም እንዲሁ ነው። ምጣዱ አጠገብ ደግሞ ከማሰሻው የረገፈ የጎመን ዘር ቅባት አለ። ሽፋኑን ዓይን ባያየውም ውኃ ያጋልጠዋል፤ ጠብታው ሳይሰራጭ ክብ ሠርቶ ከቆመ ወለሉ ቅባት ይዟል ማለት ነው።

ክረምት ሲገባ ጭቃው ይጨመራል። የጊንጪ ዙሪያ መሬት መረሬ ነው፤ የጥቁር አፈር ምርምር ጣቢያ የተከፈተባትም በዚሁ አፈሯ ነው። መረሬ ሲረጥብ ከጫማ ጋር ተጣብቆ አይለቅም። ከጓሮ እንጨት ተሸክማ የገባች ልጅ ጭቃውንም ይዛ ትገባለች፤ የሶሏ ጥርስ በጭቃ ተደፍኗልና ጫማዋ ወለሉን አይይዝላትም።

ሰው የሚንሸራተተው ተረከዙ ሲያርፍ በጫማውና በወለሉ መካከል ስስ ፈሳሽ ሲቀር ነው። እግር ወደ ፊት ይሸሻል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሶል ጥርስ ሥራው ያንን ፈሳሽ ወደ ጎን ማስወጣት ነው፤ ውኃ ቶሎ ይወጣል፣ ዘይት ግን ወፍራም ስለሆነ ይቆያል። የፈላ ሽሮ በሁለት እጇ የያዘች ሴት እግሯ ሥር ያለውን አታይም፤ ስትንሸራተትም የምትደገፍበት እጅ የላትም። እኔ ከስብራቱ ይልቅ የምፈራው ቃጠሎውን ነው።

ብዙ ቦታ መፍትሔ ተብሎ የሚነጠፈው ካርቶን ነው። ካርቶን ሲርስ ራሱ ይንሸራተታል፤ ጠርዙም ይታጠፍና እግር ይጠልፋል። በአንድ ባልዲ ውኃ ከጠዋት እስከ ማታ የሚወለወል ወለልም አይጸዳም፤ መወልወያው ከምድጃው ሥር ያነሳውን ቅባት በሩ ድረስ ያዳርሰዋል። የፈሰሰ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም። መጀመሪያ ከእሳት ራቅ ባለ ቦታ ሰጋቱራ፣ ምድጃ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የቀዘቀዘ አመድ ነስንሶ ማስጠጣትና ጠርጎ ማንሳት ይገባል። ቀጥሎ ላርጎ የተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ አፍስሶ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው፤ ያረረ ድስት ተዘፍዝፎ እንደሚለቅ ሁሉ ቅባትም ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በብሩሽ ማሸት፣ በሁለተኛ ባልዲ በተያዘ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ። እርጥብ ወለልም ያንሸራትታልና ግማሹ እስኪደርቅ በሌላው ግማሽ ይታለፋል።

ብዙ ባለቤቶች ለሳሎን የገዙትን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወጥ ቤትም ያስነጥፉታል፤ ሲርስ ግን ያንሸራትታል። እንግሊዝ አገር ወለል በፔንዱለም ይፈተሻል፤ ጎማ የተገጠመለት ክንድ ተወዛውዞ እርጥቡን ወለል ይፈትገዋል። ውጤቱ 36 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የመንሸራተት አደጋው ዝቅተኛ፣ 24 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። የእኛ ገዢ ቢያንስ ሱቁ ውስጥ ናሙናውን በሳሙና ውኃ አርጥቦ በጫማው ይሞክረው። ሸካራው ይመረጥ፤ ሲነጠፍም በአንድ ሜትር 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘንብል።

ከሁሉ አብልጬ የማምነው ጫማውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 17 ሺህ ገደማ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኞችን ተከታትሏል። የማያንሸራትት ጫማ በነፃ የታደላቸው ሠራተኞች ዘንድ በመንሸራተት የሚመጣ የጉዳት ካሣ ጥያቄ በ67 በመቶ ቀንሷል። ልብ የሚባለው «በነፃ» የሚለው ነው። በነጠላ ጫማ የምትሠራ ሴት አደጋውን አጥታው አይደለም፤ ደመወዟ ለሌላ ጫማ አይተርፍም።

ሕጉም ከእርሷ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ሠራተኛዋ ሆን ብላ ካላደረሰችው ወይም ሰክራ ካልገባች በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ወለል አፍርሶ ማስነጠፍ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ጫማው፣ ሁለተኛው ባልዲ፣ ብሩሹና የጓሮው በር ላይ የሚተከለው የጭቃ መፋቂያ ብረት ግን በዚህ ሳምንት ሊገዙ ይችላሉ።