ስማቸው ያልተጻፈ ሠዓሊያን፦ በሚኔሶታ ስለሚገኙ የኢትዮጵያ ሥዕሎች

ከምንኖርባት ከሜፕልዉድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ የመኪና ጉዞ ኮሌጅቪል ይደረሳል። በዚያ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። በኢትዮጵያ ጥናት ተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው በጽሑፍ ሀብቱ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናነሣ የምንሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ሌላውን ሀብት፣ ይኸውም ሥዕሉንና ሠዓሊውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1973 በተጀመረው ሥራ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። መጻሕፍቱ ከባለቤቶቻቸው ዘንድ ሲቀሩ ወደ ሚኔሶታ የመጣው ምስላቸው ነው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን ቅርሶች ዕጣ ለሚያስታውስ ሰው የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። በ1975 በጥይት ቆስለው ከአገር የወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021) በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚህን መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት መርምረዋል፤ ካታሎጋቸውንም አዘጋጅተዋል።

ከክምችቱ 1832ኛ ቁጥር የተሰጠው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለገዳማቸው ያበረከቱት ይህ መጽሐፍ፣ ዘመናቸው በርግጥ ከታወቀ ጥንታውያን ባለሥዕል መጻሕፍቶቻችን አንዱ ነው። ከሥዕሎቹ መካከል የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ መልክ ይገኛል። ያሠሩት አባት ስማቸውም መልካቸውም ሰባት መቶ ዓመት ሲሻገር፣ የሣለው እጅ ግን ስም የለውም።

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ ምክንያት ከመጻሕፍቶቻችን መደምደሚያ ሊነበብ ይችላል። በተለመደው የምሕረት ልመና የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጐመውና የሰማው አንድ ላይ ይታሰባሉ፤ የሣለው ግን ከአምስቱ አይቈጠርም። ይህም ሠዓሊውን ከመናቅ የመጣ አይመስለንም። ሥዕል ለአምልኮ የሚቀርብ አገልግሎት እንጂ የሠሪው መታወቂያ አልነበረምና።

ሆኖም ልማዱ የማይሻር ሕግ አልነበረም። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) በፍሬ ጽዮን እጅ መሣሉን በላዩ ያለው ጽሑፍ ይመሰክራል። ማሪሊን ሄልድማን በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ አንድ ስም ተነሥተው፣ የአሣሣሉን ጠባይ በማነጻጸር ሌሎች ሥዕሎችን ከዚሁ ሠዓሊ ጋር ለማያያዝ ችለዋል። አንድ ስም ሲገኝ የጥበብ ታሪክ በር ይከፈታል ማለት ነው።

ወደ ከተማችን ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሚኒያፖሊስ የሚገኘው ዎከር የሥነ ጥበብ ማእከል በ1970 በአዲስ አበባ የተወለዱትን የጁሊ ምሕረቱን ሥራ በክምችቱ ይዟል፤ በ2003ም የብቻቸውን ትርኢት አዘጋጅቶላቸዋል። በዚያው ጊዜ ሠዓሊዋ ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጡ ቤተ ሰቦች ከተወለዱ ወጣቶች ጋር ስለ መንትዮቹ ከተሞች ኑሮ የሚናገር ሥራ አከናውነዋል። እዚህ ስሙ በጉልህ ተጽፎ ይታያል፤ ኮሌጅቪል ግን ያለው የመጽሐፉ ቁጥር ነው። ሁለቱን አዳራሾች የሚጐበኝ ልጃችን፣ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ በሃያኛው መቶ ዓመት የተፈጠረ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ፊልሞቹ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ሠዓሊን ከሠዓሊ ከሚለዩት ዋና ምልክቶች አንዱ የሆነው ቀለም ግን የሚገኘው ከብራናው ላይ ብቻ ነው። ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት በሰሜን ኢትዮጵያ ገዳማትና ቅርሶች ላይ ያደረሰው ጉዳት፣ ብራናው ሁልጊዜ እንደማይጠብቀን አሳይቶናል።

ስለዚህ ግእዝ የምናነብ ስደተኞች ልንሠራው የምንችል ሥራ አለ። መጽሐፉን ለታሪኩ ወይም ለሃይማኖቱ ስንመረምር፣ በሥዕሉ ግርጌና በኅዳጉ የተጣፈችውን ትንሽ መስመር ሳናልፍ እንገልብጥ፤ ያገኘነውንም ስም ከነቁጥሩ ለቤተ መጻሕፍቱ እናስታውቅ። ፍሬ ጽዮንን ያስገኘችልን እንዲህ ያለች መስመር ናት።