የሚከራይ የእርሻ መሣሪያ በጁባ፤ ምን፥ ስንትና መቼ ማዘጋጀት እንደሚገባ

እህል የሚሸጥ ነጋዴና መሣሪያ የሚያከራይ ነጋዴ ሥራቸው የሚመሳሰል ቢመስልም ሒሳባቸው የተለያየ ነው። እህል ሻጩ ጆንያውን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሄዳል፤ አከራዩ ግን ያንኑ ዕቃ ደጋግሞ ይሰጣል፤ ደጋግሞም ይረከባል። ስለዚህ አከራዩ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ ይኸውም ደንበኛው የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ፥ የሚፈልገው መቼ እንደ ሆነ፥ ዕቃውም በዚያ ቀን ተመልሶና ተጠግኖ በግቢው የሚገኝ እንደ ሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ገበሬው የዘር ጊዜ ያልፍበታል፤ አከራዩም ገንዘቡን ያፈሰሰበት ብረት ቆሞ ይዝግበታል።

ይህን ጉዳይ በጁባ ከተማ ምሳሌነት መመልከት ይጠቅማል። ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የምትገኝ፥ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ዋና ከተማዋ የሆነች ናት። እ.ኤ.አ. ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደዚያ ተሻግረው በሆቴል፥ በንግድና በውኃ ቦቴ ሥራ ስለ ተሰማሩ፥ የከተማይቱ ነገር ለአንባብያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በጁባ አካባቢ ዝናቡ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንማል፤ ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት ደረቅ ወራት ናቸው። ዝናቡ ሲገባ ማሽላ፥ በቆሎና ለውዝ የሚዘራው ገበሬ መሬቱን በቶሎ መገልበጥ ይፈልጋል፤ ብዙው ገበሬ በእጅ መቈፈሪያ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ማረሻ ወይም ትራክተር ለጥቂት ቀን ቢያገኝ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ሌላ ደንበኛ ይመጣል። በወንዙ ዳርና በጎንዶኮሮ ደሴት አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ምርታቸውን ለከተማው ገበያ ያቀርባሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ማረሻ ሳይሆን የውኃ ፓምፕ ነው። በሁለቱ መካከል፥ እህሉ ሲሰበሰብ፥ የማስጫና የመውቂያ ሸራ ይፈለጋል።

እንግዲህ አንድ የኪራይ ግቢ በዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ደንበኛ አለው ማለት ነው። ፓምፑን በጥር ወር ለመጠገን የሚፈታ ሰው ዋናውን ደንበኛ ያስመልጣል። ፓምፕ ዝናቡ ሳያቆም፥ ማረሻም ዝናቡ ሳይጀምር ተጠግኖ መቆየት አለበት። ይህ የአከራይ የመጀመሪያው ትንቢት ሲሆን፥ ምንም ዓይነት የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የዘመን መቍጠሪያና ማስተዋል ብቻ ነው።

የደንበኛን ፍላጎት አስቀድሞ ማወቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የአንድ ዕድር ዕቃ ቤት ኀላፊ የሆነ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ድንኳኑ፥ ወንበሩና ትልልቁ ድስት በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ይነግራችኋል፤ ሠርግ በጥር፥ በተለይም ከጥምቀት በኋላ፥ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ግን ክርስቲያኑ አይደግስም። ይህ የታወቀ ፍላጎት ነው። ኀዘን ግን ቀን አይቈርጥም። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ኀላፊ፥ በሠርግ ወራት እንኳ ቢሆን፥ ዕቃውን ሁሉ አያከራይም፤ ለድንገተኛው አንድ ድንኳን ያስቀራል።

የእርሻ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የዘሩ ወቅት የታወቀ ፍላጎት ነው። ድንገት የሚሰበር የጎረቤት ፓምፕ ግን እንደ ኀዘን ነው፤ ቀኑ አይታወቅም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። አከራዩ ለታወቀው በመዝገብ፥ ላልታወቀው በመጠባበቂያ መዘጋጀት ይገባዋል።

መዝገብ ስንል የወጣውንና የገባውን ዕቃ የሚጽፈውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቀድሞ ባገለገለበት አንድ የጠቅላይ ግዛት ዕቃ ቤት ይህን ስሕተት ራሱ ፈጽሟል። የዓመቱ መግለጫ ሲዘጋጅ መዝገቡ እንዳሳየው የመውቂያ ሸራ የተከራዩ ገበሬዎች ጥቂት ነበሩ፤ ስለዚህ “ሸራ ፈላጊ የለውም” ብለን ጻፍን፤ ለሚመጣውም ዓመት ምንም ሸራ አልጠየቅንም። በኋላ ዘበኛውን ብንጠይቀው፥ በየማለዳው ሸራ ፈልገው መጥተው “የለም” ተብለው የተመለሱትን በጣቱ እየቈጠረ ነገረን። ሸራው ጥቂት ስለ ነበረ ተከራዩ ጥቂት ሆነ፤ እኛም እጥረቱን ፍላጎት እንደሌለ አድርገን ቈጠርነው። በዚያ ዓመት ዝናብ ያበሰበሰው እህል የዚያ መግለጫ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ማናቸውም የኪራይ መዝገብ አራት ዐምድ ይኑረው፤ የወጣ፥ የተመለሰ፥ በጥገና ያለና “ተጠይቆ ያልተገኘ” የሚሉ ናቸው። አራተኛው ዐምድ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚመጣውን ዓመት የሚናገረው እርሱ ነውና። ነገር ግን ጥያቄ ሁሉ እኩል አይደለም። የወሬ ጥያቄ አለ፤ የቀብድ ጥያቄም አለ። ጥቂት ቀብድ የከፈለ ሰው የሚመጣ ነው፤ በአፉ ብቻ “እፈልጋለሁ” ያለው ግን ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

መዝገቡ ከተገኘ በኋላ ቍጥሩን ማውጣት አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ በ60 ቀን ደረቅ ወቅት 40 ሰዎች ፓምፕ ይጠይቃሉ፤ እያንዳንዱም ፓምፑን 6 ቀን ይይዛል እንበል። አርባው በስድስት ሲባዛ 240 የፓምፕ ቀን ይሆናል፤ ይህ ለ60 ሲካፈል 4 ይወጣል። ብዙ ሰው “አራት ፓምፕ ይበቃኛል” ብሎ በዚህ ይቆማል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ከአርባዎቹ ሰዎች ሃያዎቹ የሚመጡት ፀሐዩ በሚበረታበት በ20 ቀን ውስጥ ቢሆን፥ ሃያው በስድስት ሲባዛ 120፥ ለ20 ሲካፈልም 6 ፓምፕ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ኪራይ በኋላ ለማጽጃና ለማደሻ አንድ ቀን ቢጨመር፥ ሃያው በሰባት ሲባዛ 140፥ ለ20 ሲካፈል 7 ይሆናል። አማካዩ 4 ይላል፤ የጭንቁ ጊዜ 7 ይላል። ገበሬው የሚጠማው በአማካዩ ቀን ሳይሆን በጭንቁ ቀን ነው።

“ታዲያ ሁልጊዜ ለጭንቁ ጊዜ የሚበቃ ልግዛን?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በሁለት ኪሣራ መካከል ባለው ሚዛን ነው። አንደኛው ኪሣራ ደንበኛ መጥቶ ዕቃ ሲታጣ የሚቀር ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃ ተገዝቶ ያለ ሥራ ሲቆም የሚያስወጣው ወጪ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሦስት እጥፍ ቢሆን፥ ሦስቱን ለሦስትና አንድ ድምር፥ ማለትም ለአራት እናካፍላለን። ይህም ማለት ከአራት ዓመት በሦስቱ ለሚመጣው ፍላጎት የሚበቃ ዕቃ ይያዝ፤ ፍላጎቱ እጅግ በሚበዛበት በአራተኛው ዓመት ግን አንዳንድ ሰው ቢመለስ ይሻላል ማለት ነው። ሁለቱ ኪሣራዎች እኩል ቢሆኑ ከሁለት ዓመት ለአንዱ የሚበቃ ይያዛል። ርካሽ የሆነውን ሸራ አትርፎ መያዝ፥ ውድ የሆነውን ትራክተር ግን ቈጥቦ መያዝ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በጁባ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል ይገባል፤ 192 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ዐስፋልት ለብሷል። መንገዱ በሰላም ሲከፈት መለዋወጫ በቶሎ ይደርሳል፤ እንደ እ.ኤ.አ. 2016ቱ ዓይነት ጦርነት ሲነሣ ግን ትንሽ ላስቲክ ማጣት አንድን ፓምፕ ከሥራ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም ገንዘቡ እጅግ ስለ ወደቀ፥ የዘንድሮ ኪራይ የከርሞን መለዋወጫ ላይገዛ ይችላል። አከራዩ ትርፉን በገንዘብ ብቻ ከሚያስቀምጥ፥ ከፊሉን ቶሎ በሚያልቅ መለዋወጫ ቢለውጠው ብልህነት ነው።

በአንድ ስፍራ ዕቃ ከማብዛት ይልቅ ያለውን ማዘዋወር የሚሻልበትም ጊዜ አለ። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር የሚያከራዩ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ቆላማው አስቀድሞ፥ ደጋው ዘግይቶ ስለሚደርስ ኮምባይነሩ አዝመራውን እየተከተለ ይወጣል፤ የባሌ ደጋም በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያመርት መኪናው ዳግመኛ ሥራ ያገኛል። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ሄሎ ትራክተር የተባለው ድርጅት ደግሞ የትንንሽ ገበሬዎችን ጥያቄ በወኪሎች አማካይነት በስልክ አሰባስቦ፥ መሬታቸው ሲደመር የጉዞውን ወጪ የሚሸፍን ሲሆን ትራክተሩ ወደ መንደሩ እንዲሄድ ያደርጋል።

ከእርሻ ውጭም ትምህርት ይገኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ኔትፍሊክስ ብዙ ዘመን ፊልም የተቀዳበትን ዲስክ በፖስታ ያከራይ ነበር፤ ይህን ሥራ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ፊልሞች በተራ ያስመዘግብ ነበር፤ የመጀመሪያው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ሁለተኛው ይላክለታል። የደንበኛን ምርጫ መገመት ምን ያህል እንዳሳሰባቸው የሚያሳየው፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ግምታቸውን በመቶ 10 ለሚያሻሽል ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ማስነገራቸውና እ.ኤ.አ. በ2009 መክፈላቸው ነው። የእኛ አከራይ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልገውም። “ትራክተሩ ባይገኝ የበሬ ማረሻ ይሆንዎታልን?” ብሎ ሁለተኛውን ምርጫ ጠይቆ መጻፍ ግን በነጻ ይቻለዋል።

በመጨረሻ ለባለሥልጣኖች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መዝገብ የሚናገረው ደጃፉ ድረስ የመጣውን ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ብዙ ገበሬ ጠቅሟል፤ ነገር ግን የእርሻ ሥራ በትራክተር መሆን ሲጀምር ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። የትራክተር ፈላጊን ብቻ የቈጠረ ሰው በዚያ ጊዜ ፍላጎቱ እያደገ ነው ብሎ ደስ ሊለው ይችል ነበር፤ መሬቱን የለቀቀው ጭሰኛ ግን በየትኛውም ዐምድ አልተጻፈም። በጁባም ባልዋ የሞተባትና ሁለት ልጆች ይዛ በመቈፈሪያ የምትሠራ ሴት የኪራይ ግቢው ለእርሷ የተሠራ ስለማይመስላት አትጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቡን ዘግቶ፥ ወደ መንደሩ ወርዶ ያልጠየቁትን መጠየቅ አለበት።

በአጭሩ፥ ወቅቱን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ “የለም” ተብሎ የተመለሰውን ጻፉ፤ ቍጥሩን ከአማካዩ ሳይሆን ከጭንቁ ጊዜ አውጡ፤ ርካሹን አትርፋችሁ፥ ውዱን እያዘዋወራችሁ ያዙ። አራተኛውን ዐምድ ነገ ማለዳ መጀመር ይቻላል፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል።