መርፌን በቤት ውስጥ ለራስ ስለ መውጋት

(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



በአገራችን መርፌ እጅግ የተከበረ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ እንደ ሆነ ያልታከመ ይመስለዋል፤ መርፌ ከተወጋ ግን ገና ከደጃፉ ሳይወጣ «ተሻለኝ» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፔኒሲሊን በየአገሩ ሲሠራጭ፣ ሰውን ለብዙ ዘመን ሲያሠቃዩ የኖሩ ቍስሎችና ትኵሳቶች በጥቂት መርፌ ሲድኑ ታየ። ሕዝቡም መድኃኒቱን ከመርፌው ሳይለይ ኀይሉን ሁሉ ለመርፌው ሰጠው። ከዚህም የተነሣ በየገበያውና በየሰፈሩ ትምህርቱ ሳይኖራቸው መርፌ የሚወጉ ሰዎች በረከቱ።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መርፌ በቤቱ ተቀምጦ ራሱን ሊወጋ ይገባዋልን? መልሱ በአንድ ቃል የሚፈጸም አይደለም። በቤት ሊወጉት የተገባ መርፌ አለ፤ በቤት ቢወጉት ሞትን የሚያመጣ መርፌም አለ። ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡንና የሥራ ባልደረቦቹን ጭምር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በኢሉባቦር በቡሬ ከተማ የሚኖሩ አጎት አሉኝ። ለብዙ ዓመት በጸሐፊነት አገልግለው ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው። ውሃ ጥሙ ሲበዛባቸው፣ ሰውነታቸውም ሲከሳ ጊዜ በጎሬ በኩል መቱ ሄደው ተመረመሩና የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሙም ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እንዲወጉ አዘዘላቸው። አጎቴ ራሳቸውን መውጋት ስለ ፈሩ አንድ የሰፈር ሰው በየቀኑ እየመጣ እንዲወጋቸው ገንዘብ ይከፍሉት ጀመር። በቀን ሁለት ጊዜ ማለት በወር 60፣ በዓመት 730 ጊዜ ማለት ነው። የኢሉባቦር ዝናም ደግሞ የታወቀ ነው፤ ዝናም በጣለ ቀን ሰውየው ይቀራል፣ አጎቴም መድኃኒቱን ሳይወስዱ ያድራሉ። በመጨረሻም ባለቤታቸው «እኔ ዓይን ልሁንዎ፤ እርስዎ እጅ ይሁኑ» ብለው አደፋፍረዋቸው፣ ሁለቱም ከነርስ ዘንድ ተምረው መጡ።

ከዚህ እንደምንረዳው ኢንሱሊንን በቤት መወጋት ከሐኪም መሸሽ አይደለም። በዓመት 730 ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ ሰው ከቶ ሊኖር አይችልምና። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በሽተኛው የሚፈጽመው የታዘዘውን ብቻ ነው።

ይህም አሠራር አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥር ወር 1922 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በዚህ በሽታ ሊሞት ሲቃረብ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከጓደኞቻቸው ጋራ ያገኙት መድኃኒት ተወጋና ዳነ። ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ሳይቈይ ይሞት ነበር። መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ ስለሆነ፣ በቦስተን የነበረው ሐኪም ኤሊዮት ጆስሊን በሽተኞቹን እንደ ተማሪ ሰብስቦ ራሳቸውን መውጋት ያስተምራቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ስሪንጁ የብርጭቆ ስለ ነበረ በቤት ይቀቀላል፤ መርፌውም ሲደነዝዝ ይሳላል። በዛሬው ቀጭን መርፌ የምንፈራ ሰዎች ይህን ማሰብ ይገባናል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የሚከተለው ቃል ሐኪሙ ያስተማረውን ለማስታወስ እንጂ በእርሱ ፈንታ ለመተካት የተነገረ አይደለም።

አንደኛ፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ሁለተኛ፤ ብልቃጡን መመርመር ነው። ሁልጊዜ እንደ ውሃ የጠራ መሆን የሚገባው ኢንሱሊን ደፍርሶ ከተገኘ አይወጋም። በተፈጥሮው ወተት የሚመስለው ዓይነት ግን በሁለት መዳፍ መካከል በዝግታ ተንከባሎ ይደባለቃል እንጂ አይናጥም። ሦስተኛ፤ የታዘዘውን መጠን በብርሃን ላይ አይቶ መሳብ ነው። አራተኛ፤ የሚወጋበትን ቦታ መለዋወጥ ነው። ሆድ ከእምብርት ራቅ ብሎ፣ ጭን ከፊት ለፊቱና ከውጭ ጐኑ የተመቹ ናቸው። በአንድ ቦታ ላይ ዘወትር የተወጋ እንደ ሆነ ከቆዳ በታች እብጠት ይፈጠርና መድኃኒቱ ወደ ደም በትክክል አይገባም። አምስተኛ፤ የተወጋበትን መርፌ ለሌላ ሰው፣ ለባልም ሆነ ለሚስት፣ አለመስጠት ነው። ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉና። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል እንጂ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አይጣልም።

ስለ አቀማመጡም ጥቂት ልበል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ነገር ግን በረዶ ከነካው ተበላሽቷል። የተከፈተው ብልቃጥ ከሙቀትና ከፀሐይ ተጠብቆ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ ከድኖ፣ በውጭው ዘወትር በሚርስ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ቢያኖረው ይረዳዋል። ቡሬ ደጋማ ስለሆነች ችግሩ ይቀላል፤ ከቡሬ ወደ ጋምቤላ ቍልቍል የሚወርድ መንገደኛ ግን መድኃኒቱን በመኪናው መስተዋት ሥር ያኖረው እንደ ሆነ፣ ሲደርስ የሚወጋው ኀይሉን ያጣ ውሃ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የመጠን ስሕተት ነው። አጎቴ ከተማሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ስሪንጅ አለቀባቸውና አንድ ልጅ ልከው ከሱቅ አስገዙ። የመጣው ስሪንጅ መልኩ ያንኑ ይመስላል፤ በላዩ የተጻፈው ቍጥር ግን 100 ሳይሆን 40 ነበር። ይኸውም ሲብራራ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 አሐድ ላለው ቀጭን ኢንሱሊን የተሠራ መስፈሪያ ነው። የአጎቴ ብልቃጥ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 አሐድ ይዟል። እንደ ልማዳቸው እስከ 20 ምልክት ሳቡ። በዚህም ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 50 አሐድ ገባ። ከታዘዘላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው።

ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ነገራቸውም የሰከረ ሰው ነገር ሆነ። ባለቤታቸው ከነርሷ የተማሩትን አልረሱም ነበርና፣ ገና መዋጥ ሳለላቸው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገሙላቸው፤ ከዚያም እንጀራ አበሏቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳያስወስዱ ጠብቀው በማለዳ ወደ ሐኪም አደረሷቸው። በሽተኛው ራሱን ስቶ ቢሆን ግን በአፉ ምንም ሊሰጠው አይገባም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ያንቀዋልና። ያን ጊዜ የሚደረገው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሮጥ ብቻ ነው። እንግዲህ በብልቃጡና በስሪንጁ ላይ የተጻፉት ሁለት ቍጥሮች አንድ መሆናቸውን ሳያዩ መሳብ አይገባም። እንዲሁም ጾም የሚጾም ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የወትሮውን መጠን ወግቶ ሳይበሉ መዋል ይኸንኑ አደጋ ያመጣል።

በቤት የማይወጉት መርፌዎችስ የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ዋናዎቹ ፔኒሲሊንና እርሱን የመሳሰሉት ናቸው። ለምሳሌ ያህል የልብ ቍርጥማት ያለባቸው ወጣቶች በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ወፍራም ፔኒሲሊን አለ። አንዳንድ ሰው ሰውነቱ ይህን መድኃኒት ስለማይቀበል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ሊያጥር፣ የደሙም ግፊት ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ አድሬናሊን የያዘ ባለሙያ ካልቀረበ ሞት ይከተላል። ከዚህም ሌላ በመቀመጫ የሚወጋ መርፌ ያለ ቦታው ከገባ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ነክቶ ሰውን አንካሳ ያደርጋል። በደም ሥር የሚሰጠውማ ከቶ የቤት ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ለወሊድ መቈጣጠሪያ በየሦስት ወሩ ከሚሰጠው መርፌ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባውን ዓይነት ሴቶች ተምረው ራሳቸውን ሊወጉ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. መክሯል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በመድኃኒቱ ጠባይና በሰውየው ትምህርት ላይ ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አንባቢያንም አንድ ድርሻ አላችሁ። ከእናንተ ጋራ የሚሠራ የስኳር በሽተኛ በምሳ ሰዓት ገለል ብሎ ቢወጋ እንደ ነውር አትቍጠሩበት፤ ብልቃጡን በቢሮ ማቀዝቀዣ ቢያኖር አትከልክሉት። በስብሰባ መካከል ሲያልበውና ነገር ሲምታታበት ብታዩ ጠጣ ብላችሁ አትሙት፤ ስኳር ያለበት ሻይ አቅርቡለት። አለቃ የሆናችሁም ለሐኪም ቀጠሮው ፈቃድ አትንፈጉት፤ በቤቱ ራሱን የሚወጋ ሰው ስኳሩን ለማስለካትና መጠኑን ለማስተካከል በየጊዜው ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበትና።

አጎቴ ዛሬ ደኅና ናቸው። ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ብልቃጡንና ስሪንጁን ጐን ለጐን ያስቀምጡና ለባለቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል፤ «መቶ፤ መቶ»። እሳቸውም «መቶ፤ መቶ» ብለው ሳይመልሱላቸው መርፌው አይነሣም።