ፓሌርሞ፦ የቁርአን አንቀጽ የተቀረጸበት የካቴድራል ምሰሶ

በዚህ ወር ዝግጅታችን ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ ወደ ፓሌርሞ እንወስዳችኋለን።

በትልቁ ካቴድራል ደቡባዊ በር በኩል ቆማችሁ ወደ ግራ ብትመለከቱ አንድ የድንጋይ ምሰሶ ታያላችሁ። የተቀረጸበት ጽሑፍ ላቲን አይደለም። ከሱረቱል አዕራፍ 54ኛው አንቀጽ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ሰማያትንና ምድርን ስለ መፍጠሩ፣ ሌሊትና ቀንን ስለ ማፈራረቁ የሚናገረው። ብዙው ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። ቁርአን የቀራ ልጅ አብሯችሁ ካለ ግን "ይህ እዚህ ምን ይሠራል?" ማለቱ አይቀርም።

ሙስሊሞች ፓሌርሞን በ831 እ.ኤ.አ. ያዙ፤ ኖርማኖች በ1072 እስኪወስዷት ድረስም 240 ዓመታት ያህል አስተዳደሯት። በ973 ከተማይቱን የጎበኘው ኢብን ሐውቀል ከ300 በላይ መስጂዶች እንዳሏት ጽፏል። ካቴድራሉ የቆመውም ዋናው የጁምዓ መስጂድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ዛሬ ከእነዚያ መስጂዶች ሙሉ ሆኖ የቆመ የለም።

"የዐረብ ሕንጻ" እየተባለ ለጎብኚ የሚታየው አብዛኛው፣ የሙስሊሞች አገዛዝ ካበቃ በኋላ በክርስቲያን ነገሥታት ትእዛዝ የተሠራ መሆኑን ለልጆች ማስረዳት ይገባል። የንጉሥ ሮጀር 2ኛ የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት በ1140 የተመረቀ ነው። ቀና ብላችሁ ጣራውን ስታዩ ግን የማር እንጀራ የመሰለ የእንጨት ሥራና በኩፊ የተጻፉ የዐረብኛ ቃላት ታገኛላችሁ። የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቀያይ ጉልላቶችም በፖስትካርድ ሁሉ ላይ ናቸው፤ ቅላታቸው ግን የ19ኛው መቶ ዘመን እድሳት ያመጣው ነው!

ጊዜ ያጠረው ቤተሰብ ሌላውን ትቶ ዚሳን ይይ። ስሙ "አል-ዐዚዛ" ከሚለው የመጣ ነው። በ1165 ገደማ የተጀመረ የበጋ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ በመሬት ቤቱ አዳራሽ ከግድግዳው የሚፈልቀው ውኃ በወለሉ ቦይ እየፈሰሰ ከባሕር የሚገባውን ነፋስ ያቀዘቅዝ ነበር። የመብራት ማራገቢያ ከመታሰቡ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ለዚሁ ለሮጀር ዝነኛውን የዓለም ካርታና መጽሐፍ በ1154 የፈጸመለት አል-ኢድሪሲ፣ ከፓሌርሞ አቅራቢያ በምትገኘው ትራቢያ "ኢጥሪያ" የሚባል የደረቀ የሊጥ ክር እየተሠራ ወደ ሙስሊም አገሮችና ወደ ካላብሪያ በመርከብ ይላክ እንደ ነበር መዝግቧል። ይህ እኛ ፓስታ የምንለው ነው። ታዲያ ወደ ማእዱ እንግባ።

በባላሮ ገበያ የመጀመሪያው ጉርሻ ፓኔሌ ይሁን። የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተቀቅሎ፣ ተነጥፎ፣ ተቆርጦ የሚጠበስ ሲሆን ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ይበላል። ሽሮ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ካፖናታ የደበርጃን፣ የወይራ ፍሬና የኮምጣጤ ወጥ ነው። ሰርዲን ከዱር እንስላልና ከዘቢብ ጋር የሚቀርብበት ፓስታም ከከተማይቱ የታወቁ ምግቦች አንዱ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላው ነው። የጣፊያ ሳንድዊች የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። አራንቺና የተባለው የሩዝ ድቡልቡል "በቅቤ" የተባለው ዓይነት የአሳማ ሥጋ አለበት። የካኖሊ ቅርፊትም ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብና በወይን ጠጅ ይለወሳል። ካሳታ የሚለው ስም ራሱ "ቀስዓ" ከሚለው የዐረብኛ ቃል መጣ ይባላል፤ ግን ስሙ ዐረብኛ ስለሆነ ብቻ ኬኩ ሐላል አይሆንም፤ አረቄ የሚጨምሩበት አሉና። ስለዚህ "ስትሩቶ" (የአሳማ ስብ) እና "ማያሌ" (አሳማ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ያዙ፤ አስተናጋጁን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። በሒሳቡ ላይ "ኮፔርቶ" የሚል ክፍያ ካያችሁም አትደንግጡ፤ የመቀመጫ ነው።

ጊዜ ያለው ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ትራፓኒ ይድረስ። እዚያ ኩስኩስ የሚቀርበው በዓሣ መረቅ ነው። ከሐጅ ሲመለስ በ1184 መጨረሻ መርከቡ በመሲና የተሰበረችበት የአንዳሉሱ ኢብን ጁበይርም ወደ አገሩ የተሳፈረው ከትራፓኒ ነበር። በፓሌርሞ ሙስሊሞች ገበያዎቻቸውንና መስጂዶቻቸውን ይዘው ቢያገኛቸውም የጁምዓ ኹጥባ ተከልክሎባቸዋል። በገና ዕለት የከተማይቱ ክርስቲያን ሴቶች እንደ ሙስሊም ሴቶች ተሸፋፍነው፣ ሂና ተቀብተው መውጣታቸው አስደንቆታል።

የወላጆቹ ጭንቀት ግን ከሁሉ በላይ ነክቶታል። ከአባቱ ወይም ከእናቱ የተቆጣ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቢጠመቅ ወላጅ ሊመልሰው አይችልም ነበርና ልጃቸውን ለመቆጣት ይፈሩ ነበር። በትራፓኒ አንድ የተከበረ ሰው ልጁን ወደ ሐጃጆቹ ልኮ፣ ከመካከላቸው አንዱ ያላገባች እህቱን ወስዶ እንዲያገባት፣ ካልሆነም ለሚመርጠው ሰው እንዲድራት ለመነ። ዳግም ላያያት ይችላል፤ ቢሆንም በሙስሊም አገር እንድትኖር ፈለገ። ከሐጃጆቹ አንዱ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1220ዎቹ ጀምሮ፣ ፍሬደሪክ 2ኛ የደሴቲቱን ሙስሊሞች ወደ ሉቼራ አጋዛቸው፤ ያም ሰፈር በ1300 ፈረሰ።

ሶላት የደረሰባችሁ እንደሆነ፣ በጥንታዊው ፓሌርሞ ውስጥ ቀድሞ የቅዱስ ፓውሊኖ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ሕንጻ ዛሬ መስጂድ ነው።