ፍየል ጫኝ ተጎታች በትንሽ መኪና ሲሳብ፦ መጎተቻው ከመገዛቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

በሞያሌም ሆነ በቶጎጫሌ ገበያ ሃምሳ ስልሳ ፍየል ያለው ነጋዴ አይሱዙ ተከራይቶ ይሄዳል። አሥር አሥራ ሁለት ብቻ የያዘው ግን ችግር አለበት። ሙሉ መኪና ልከራይ ቢል ትርፉ ለኪራይ ያልቃል፤ የሌሎች ጭነት እስኪሞላ ልጠብቅ ቢል ደግሞ መኖ ይገዛል፣ እንስሳቱም ይከሳሉ። እንዲህ ያለው ነጋዴ ቪታራውን ወይም ራቭፎሩን መጎተቻ አስገጥሞ ትንሽ ተጎታች ማሰር ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የጭነቱም፣ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛም ደኅንነት የሚወሰነው በአንድ ብረትና በጫፉ ባለው ኳስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ስንት ኪሎ መሳብ ይችላል የሚለው ነው። መልሱን ከመኪናው ስም መገመት አይቻልም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት ራቭፎሮች አብዛኞቹ ባለ ቤንዚን ሞዴሎች 680 ኪሎ ገደማ ብቻ እንዲስቡ የተፈቀደላቸው ሲሆኑ፣ አድቬንቸር የተባለው ዓይነት ግን 1,590 ኪሎ ገደማ ተፈቅዶለታል። በአውሮፓ ሲሸጥ የነበረው አዲሱ ሱዙኪ ጂምኒ የራሱ ፍሬን ያለው ተጎታች ከሆነ 1,300 ኪሎ፣ ፍሬን ከሌለው ግን 350 ኪሎ ብቻ ይስባል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚፈለገው ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጎተቻው፣ ኳሱና ተጎታቹም የየራሳቸው የክብደት ጣሪያ አላቸው። ከአራቱ ትንሹ ቁጥር የሁሉም ገደብ ይሆናል፤ 2 ቶን የሚችል ኳስ መግዛት የመኪናውን አቅም አይጨምርም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባዶው 300 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች 30 ኪሎ የሚመዝኑ 12 ፍየሎች ሲጫኑበት 660 ኪሎ ይሆናል። ይህ 680 ኪሎ ለተፈቀደለት መኪና ጠርዝ ላይ ነው፤ አንድ ፍየል ቢጨመር ያልፋል። 300 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት በሬዎች ከሆኑ ደግሞ 900 ኪሎ ይደርሳል። በሬ ቁመቱም ረጅም ስለሆነ ኩርባ ላይ ተጎታቹን ወደ ጎን ይገፋዋል። የበሬና የግመል ቦታ የጭነት መኪና ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መጎተቻው የሚታሰርበት ቦታ ነው። ፓራውልት ላይ የተበየደ ብረት መጎተቻ ሊባል አይችልም፤ ፓራውልት የተሠራው ቀላል ግጭትን ለመቀበል እንጂ ክብደት ለመሳብ አይደለም። የድሮው ቪታራና ጂምኒ ራሱን የቻለ ሻንሲ ስላላቸው መጎተቻው እሱ ላይ ይታሰራል። ራቭፎር ግን ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ክብደቱን የሚሸከመው። ለእንዲህ ያለው መኪና የሚያስፈልገው ለሞዴሉና ለዓመቱ ተብሎ የተሠራ፣ ከሥር ባሉት ሁለት ወፍራም ብረቶች ላይ በብዙ ብሎን የሚታሰር መጎተቻ ነው። ብየዳ ስስ ላሜራን ያዳክማል፤ ስንጥቁም ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም። የብሎኖቹ ራስ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር መኖሩን ማየት፣ ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የኳሱ መጠን ነው። በገበያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር፣ 2 ኢንች ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም 47.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኳሶች ይገኛሉ። ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ለ2 ኢንች የተሠራ ማያያዣ በ47.6 ኳስ ላይ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲመታ ግን ሊዘል ይችላል። የሁለቱም ቁጥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ማመሳከር ነው። ከተቆለፈ በኋላ የተጎታቹን አፍንጫ በክሪክ ትንሽ ማንሳት ጥሩ ፈተና ነው፦ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል፤ አፍንጫው ብቻውን ከተነሣ አልያዘም።

ቀጥሎ የሚታየው በኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አካባቢ ቢሆን ይመከራል፤ ለ660 ኪሎ 66 ኪሎ ማለት ነው። በጣም ካነሰ ተጎታቹ ፍጥነት ሲጨምር እንደ እባብ ይጥመለመላል። በጣም ከበዛ የመኪናው ኋላ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪውም በደንብ አይታዘዝም። አፍንጫውን በእንጨት ደግፎ በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ በማሳረፍ ማወቅ ይቻላል። እንስሳ እንደ ጆንያ ባለበት ስለማይቆይ መሐል ላይ ማገጃ ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም ወደ ፊት፣ ዳገት ላይ ሁሉም ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

ማያያዣው ቢከዳ የሚተርፈው በሰንሰለት ነው። ሁለት ሰንሰለቶች ከአፍንጫው ሥር ተጠላልፈው መኪናው ላይ ከታሰሩ፣ የወደቀውን አፍንጫ አስፋልት ሳይነካ ያቅፉታል። እንደ ካራማራ ባለ ቁልቁለት ሲወረድ ማርሹ ቀድሞ መቀነስ አለበት፤ የትንሽ መኪና ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ ሲይዝ ይግላል። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገር ሾፌር ከቀኝ ወደ ግራ መንገድ ስለሚቀይር፣ የተጎታቹ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ መሥራታቸውን ኬላው ላይ ቢፈትሽ ይጠቅመዋል። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የያዘም ሽፋኑ ተጎታቹን መጨመሩን ከመነሳቱ በፊት ኢንሹራንሱን ይጠይቅ።

ደህና መጎተቻ ከተበየደ ብረት ዋጋው ይበልጣል። ነገር ግን ተጎታቹ አንዴ ቢፈታ የሚጠፋው የ12 ፍየል ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የነበረው ሞተር ሳይክል ነጂም ሊኖር ይችላል። ስሌቱ ካልወጣ ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም ከጎረቤት ነጋዴ ጋር አይሱዙ መጋራት ይሻላል።