ራጅ የማያሳየው ሕመም፦ የፋይብሮማያልጂያ ሕክምና እና ያላለቀው ክርክር

ፋይብሮማያልጂያ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ፣ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ፣ እንቅልፍ የማያስወግደው ድካምና የሐሳብ መበታተን አብረውት የሚመጡ ሕመም ሲሆን፣ ሐኪሙንም ታማሚውንም ይበልጥ የሚያስቸግረው ራጅም ሆነ የደም ምርመራ የማያሳየው መሆኑ ነው። በአማርኛ «ቁርጥማት» ወይም «ብርድ» የሚባለው ስሜት በከፊል ይህንኑ ይገልጻል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ቃላት ሪህን፣ የመገጣጠሚያ ብግነትንና ተራ የጡንቻ ሕመምን ጭምር ስለሚያጠቃልሉ ለአንድ የተለየ ሕመም ስም ሊሆኑ አይችሉም።

የክርክሩ ታሪክ በስያሜው ውስጥ ይነበባል። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ዊሊያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 «ፋይብሮሳይቲስ» የሚለውን ቃል ሲያወጣ ሕመሙ ከብግነት፣ ማለትም ከሕብረ ሕዋስ መቆጣት፣ የሚመነጭ መስሎት ነበር። ተመራማሪዎች በታማሚዎች ጡንቻ ውስጥ የተባለውን ብግነት ፈልገው ስላጡ፣ አሜሪካዊው ፊሊፕ ሄንች በ1976 መንስኤን ሳይጠቅስ ሕመምን ብቻ የሚያመለክተውን የዛሬውን ስም አቀረበ። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ባወጣው መስፈርት መሠረት በሰውነት ላይ ከተለዩ 18 ነጥቦች ቢያንስ 11ዱ ሲጫኑ የሚያሙት ሰው የፋይብሮማያልጂያ ታማሚ ተብሎ ይመደብ ጀመር፤ የጣት ግፊት ግን ከሐኪም ሐኪም ስለሚለያይ፣ በ2010 የነጥቦቹ ቆጠራ ቀርቶ ሕመሙ የተስፋፋባቸው የሰውነት ክፍሎች ብዛት፣ ድካም፣ እንቅልፍና የማስታወስ ችግር አንድ ላይ የሚመዘኑበት አሠራር ተተካ። የ1990ውን መስፈርት ካዘጋጁት ሰዎች ግንባር ቀደም የነበረው ፍሬድሪክ ዎልፍ ራሱ ኋላ ላይ ይህን ራሱን የቻለ በሽታ ብሎ መሰየም ተገቢ ስለመሆኑ በአደባባይ መጠራጠሩ፣ ጉዳዩ ምን ያህል ያልረጋ እንደነበረ ያሳያል።

ጥርጣሬው ግን ሕመሙን ሐሰት አያደርገውም። በ2002 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት የታማሚዎችና የጤነኞች አውራ ጣት ተጭኖ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ በምስል ሲታይ፣ ጤነኞቹ ቀላል ግፊት ብቻ የተሰማቸው ጫና በታማሚዎቹ አንጎል ውስጥ የሕመም ማዕከላትን ሲቀሰቅስ ተስተውሏል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2017 ከቁስልና ከነርቭ ጉዳት ለሚመጡት የሕመም ዓይነቶች ሦስተኛ አክሎ «ኖሲፕላስቲክ» ብሎታል፤ ይህም ግልጽ የአካል ጉዳት ሳይኖር ሕመምን የሚያስተናግደው ሥርዓት ራሱ ከልክ በላይ ንቁ የሚሆንበት ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓትም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል የጠቆመው፣ የታማሚዎች ፀረ እንግዳ አካል ወደ አይጦች ሲተላለፍ አይጦቹ ለሕመም ስሱ መሆናቸውን ያሳየው የ2021 ጥናት ነው።

ክርክሩ ይበልጥ የጎላው መድኃኒት ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 ፕሪጋባሊንን፣ በ2008 ዱሎክሰቲንን፣ በ2009 ሚልናሲፕራንን ለዚህ ሕመም ሲያጸድቅ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ግን ሦስቱንም ለዚሁ አገልግሎት ሳይቀበላቸው ቀረ። ለምን? ማስረጃው ሁለት ዓይነት ሆኖ ሳይሆን፣ ለትንሽ ለውጥ የሚሰጠው ዋጋ ስለተለያየ ነው። ፕሪጋባሊን በተመዘነባቸው ጥናቶች ሕመማቸው በግማሽ የቀነሰላቸው ታማሚዎች ከ100 ሰዎች 22 እስከ 24 ገደማ ሲሆኑ፣ መድኃኒት አልባ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 14 ያህሉ ተመሳሳይ እፎይታ አግኝተዋል፤ ይህን ልዩነት አንዱ ተቋም ለጥቂቶች ትልቅ እርዳታ አድርጎ ሲቆጥረው ሌላው ለብዙኃኑ ያለ ጥቅም ማዞር፣ እንቅልፍና የክብደት መጨመር አድርጎ አየው። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ብግነት በሌለበት ብግነትን ለማስታገስ ለዓመታት የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ ለፋይብሮማያልጂያ ፋይዳቸው አልታየም፣ ጨጓራንና ኩላሊትን ግን ይጎዳሉ።

በ2017 የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት ያሉትን ሕክምናዎች ሁሉ መርምሮ «ጠንካራ» የሚል ድጋፍ የሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም የአካል እንቅስቃሴ ነው። መላ አካሉን የሚያመውን ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ጥበቡ ያለው በመጠኑ ነው። ታማሚ ደህና በሆነበት ቀን የተጠራቀመ ሥራውን ሁሉ ሊጨርስ ይነሣና ቀጣዮቹን ቀናት አልጋ ላይ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሐኪሞች የሚመክሩት ከሚችለው በታች ጀምሮ፣ ደህና ቀን ሲመጣ ሳያበዛ፣ ሲከፋም ጨርሶ ሳያቋርጥ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ መጨመርን ነው። የእግር ጉዞ፣ የውኃ ውስጥ እንቅስቃሴና ቀላል የጡንቻ ማጠንከሪያ ሁሉም ይረዳሉ፤ ታይ ቺ የተባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴም በ2018 በአሜሪካ 226 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከተለመደው የኤሮቢክስ ልምምድ ያላነሰ ውጤት አሳይቷል።

ከእንቅስቃሴ ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል። በ1975 ካናዳዊው ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን ጥልቅ ከሆነው የእንቅልፍ ክፍል ሲከለክሏቸው እነዚያው ሰዎች የጡንቻ ሕመም እንደተሰማቸው ዘግበዋል። ለድብርት ከሚታዘዘው መጠን እጅግ ባነሰ መጠን፣ ማታ ማታ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ለአንዳንዶች የሚጠቅመውም በከፊል እንቅልፍን በማሻሻሉ ነው። በነሐሴ 2025 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ15 ዓመታት በላይ ቆይቶ አዲስ የፋይብሮማያልጂያ መድኃኒት ሲያጸድቅ፣ የመረጠው ከመኝታ በፊት ምላስ ሥር የሚቀመጠውን ሳይክሎቤንዛፕሪን ነበር፤ ይህ መድኃኒት በኬሚካዊ አወቃቀሩ በኢትዮጵያም ከሚታወቀው ርካሽና አሮጌ አሚትሪፕቲሊን የሚለየው በአንዲት ድርብ ትስስር ብቻ ነው።