አፓርታማ ሲገዙ አብሮ የሚገዛው ኃላፊነት፦ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዴት ይሠራል?

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ውሃው የሚንጠባጠበው ግን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ባለው ቤት ብቻ ነው። የምድር ወለሉ ባለቤት "እኔን አይመለከተኝም" ይላል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ በእርሱ ደጃፍ ሲገነፍል ደግሞ ዝም የማለት ተራው የላይኞቹ ጎረቤቶች ይሆናል።

ሕጉ ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። ጣሪያውም ጉድጓዱም የሁሉም ናቸው፤ የማሠሪያው ወጪም እንዲሁ። ይህንን ወጪ የሚሰበስበው፣ ሥራውን የሚያሠራውና በባለቤቶቹ ስም የሚዋዋለው አካል የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይባላል። ቤት ገዥዎች ግን ስለዚህ ማኅበር የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከገዙ በኋላ ነው።

የተገዛው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ነው። አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው። ሕንፃው ወደ ላይ የተሠራ ወይም ጎን ለጎን የተደረደረ ሊሆን ይችላል፤ ያረፈበት ይዞታም አብሮ ይቆጠራል።

ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ባለቤት የሚኖረው ሁለት ዓይነት ንብረት ነው። አንደኛው ከበሩ ወዲያ ያለው የግል ቤቱ ነው። ሁለተኛው በደረጃው፣ በኮሪደሩ፣ በጣሪያው፣ በውሃ ማጠራቀሚያው፣ በግቢውና በመሳሰሉት ላይ ያለው የማይነጣጠል ድርሻ ነው። ይህንን ድርሻ ከቤቱ ለይቶ መሸጥ አይቻልም፤ ቤቱን ይዞ ድርሻውን መተውም እንዲሁ።

ማኅበሩ ከእድር በምን ይለያል?

ለብዙ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ በየወሩ ማዋጣት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድር ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበርም በጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉባኤው በሚመርጠው ቦርድና በመተዳደሪያ ደንብ ይመራል።

መሠረታዊው ልዩነት አባልነቱ ላይ ነው። ከእድር በፈቃድ ይገባል፣ በፈቃድ ይወጣል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር አባልነት ግን ከቤቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ቤቱን የገዛ ሰው አባል ይሆናል፤ የሸጠ ይወጣል። በደረጃው መብራት እንደማይጠቀም ወይም ውጭ አገር እንደሚኖር በመግለጽ ከመዋጮ ነፃ መሆን አይችልም። ማኅበሩ በሕግ ሰውነት ያለው በመሆኑም ውዝፍ ያለበትን አባል ሊከስ፣ እርሱም ሊከሰስ ይችላል።

በአዲስ አበባ ችግሩን የሚያወሳስበው ጎረቤታሞችን ያገናኛቸው ዕጣ መሆኑ ነው። ቤቱ የደረሰው ሰው አከራይቶት ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚቸገረው ተከራይ በጉባኤው የባለቤትነት ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ በስብሰባው ላይ አይገኝም። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የሚበተነው ስብሰባ ውሎ አድሮ የተሰበረ ፓምፕና የጨለመ ደረጃ ይሆናል።

ገንዘቡ ለምን ይውላል?

የማኅበር መዋጮ ሁለት ቦታ መከፈል ይኖርበታል። አንዱ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለጋራ መብራትና ለጥቃቅን ጥገና የሚውለው የወር ወጪ ነው። ሌላው መጠባበቂያ ነው። ጣሪያ፣ አሳንሰርና የውሃ መስመር አንድ ቀን መለወጣቸው ስለማይቀር ለዚያ ቀን ከወዲሁ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

መጠባበቂያው በሌለበት ሕንፃ ትልቅ ብልሽት ሲመጣ ያለው አማራጭ ከእያንዳንዱ ቤት በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ገንዘብ መጠየቅ ነው። ይህ ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ የደረሰው አደጋ ነው። ባለ 12 ወለሉ የመኖሪያ ሕንፃ እአአ ሰኔ 24/2021 ሌሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። አንድ መሐንዲስ በሕንፃው ላይ ከባድ ጉዳት መኖሩን በ2018 ለማኅበሩ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚጠይቀውን ጥገና ማን ይክፈል በሚለው ላይ ነዋሪዎቹ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል። ፍሎሪዳ በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ሕግ የጋራ ሕንፃ ማኅበራት ለዋና ዋና የሕንፃው ክፍሎች የሚያስፈልገውን መጠባበቂያ በጥናት እንዲወስኑ አስገድዳለች።

በጎረቤት አገራትስ?

ኡጋንዳ የጋራ ሕንፃ ሕጓን በ2001፣ ሩዋንዳ በ2010 አውጥተዋል። ሰፊው ለውጥ የታየው በኬንያ ነው። በናይሮቢ የአፓርታማ ገዥዎች ለረጅም ጊዜ ሲያገኙ የቆዩት የረጅም ዘመን የኪራይ ውል ነበር፤ ሕንፃውን የሚያስተዳድረውም ብዙ ጊዜ አልሚው ያቋቋመው ኩባንያ ነው። በ2020 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሰጥ፣ የቀድሞዎቹ ውሎችም ወደዚሁ እንዲዛወሩ ደነገገ። አስተዳደሩ የባለቤቶቹ የጋራ አካል ይሆናል። አለመግባባቶችን የሚመለከት የውስጥ ኮሚቴ እንዲቋቋምም ሕጉ ፈቅዷል።

ገዥ ከመፈረሙ በፊት ምን ይጠይቅ?

በአዲስ አበባ ጥንቁቅ የሚባል ገዥ ካርታውን ያያል፤ ቤቱ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራል። ይህ ማጣሪያ የባንክ መያዣንና የፍርድ ቤት እግድን ለማወቅ ይረዳል። ያልተከፈለ የማኅበር መዋጮ ግን በዚያ ሰነድ ላይ የመታየቱ ዕድል አነስተኛ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን ከማኅበሩ ማጣራት ይበጃል፦

• ማኅበሩ በሕግ ተመዝግቧል ወይስ በስም ብቻ ያለ ኮሚቴ ነው?

• ሻጩ ውዝፍ እንደሌለበት ማኅበሩ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይሰጣል?

• በመጠባበቂያ ሒሳቡ ምን ያህል ገንዘብ አለ? ሒሳቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረውስ መቼ ነው?

• ባለፉት ጉባኤዎች የተወሰነ ትልቅ ጥገና ወይም ልዩ መዋጮ አለ? ቃለ ጉባኤውን ማየት ይቻላል?

• ደንቡ ስለ ማከራየት፣ ቤትን ለንግድ ስለማዋል፣ ስለ መኪና ማቆሚያና ግድግዳ ስለማፍረስ ምን ይላል?

ቤት በውክልና የሚገዙ በውጭ አገር ነዋሪ የሆኑ ኢትዮጵያውያንም ተወካያቸው እነዚህን ጥያቄዎች እንዲያነሳ ማድረግ ይችላሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግዛቶች እንዲህ ያለው መረጃ ለገዥ በሰነድ ተዘጋጅቶ መቅረቡ የሕግ ግዴታ ነው። በአዲስ አበባ ግን መረጃውን ፈልጎ ማግኘት በአብዛኛው የገዥው ሥራ ነው።

ለጥያቄዎቹ መልስ የሚሰጥ ሰው ከጠፋም ይህ ራሱ አንድ መረጃ ነው። ሒሳቡን የሚያውቅ፣ ደንቡን የሚያሳይ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያወጣ የሌለበት ሕንፃ ጣሪያው ባፈሰሰ ቀን የሚያሠራው ሰው የማግኘቱ ነገር አጠራጣሪ ነው።